ድንቢጧና እንጉዳዩ

ሳያወዳድር አፉን የማይከፍት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ የንፋስ መውጫ ጎረቤቴን አያ ደምሴን ላውሳችሁ፤ ባትመልሱልኝም አልቀየምም።

ክረምቱ ሲወጣ ለወንድሜ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ከሱ ጋር መካነ ኢየሱስ ከተማ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። የልጅቱ አባት በወጉ ተቀብለውን፣ "ለመሆኑ ልጃችሁ ምን ዓይነት ሰው ነው?" አሉን። "ደግ ነው" ብሎ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን ሊቁ ደምሴ እያለ?

"ልጅዎ እንደ ድንቢጥ ናት፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ስታዜም ትውላለች" አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። "የኛው ደግሞ እንደ ጫካ እንጉዳይ ነው። ከበቀለበት አይነቃነቅ፣ ድምፅ አያሰማ።"

"ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል?"

"ሁለቱም ዝናብ ሲያባራ ያምርባቸዋል።"

እንዴት ያለ ምርምር ነው! አባትየው ብድግ አሉ። "እንጉዳይ የጅብ ጥላ የሚሉት አይደል? ልጄን ለጅብ ጥላ አልድርም!"

አፍረን ጋቢያችንን ስንሰበስብ ልጅቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

"አባዬ፣ እስካሁን የፈለጉኝ ወንዶች ሁሉ ስለ ራሳቸው ሲለፈልፉ እኔን አላስወሩኝም። ዝም ብሎ የሚሰማኝ ከተገኘ ለሱ ስጡኝ።"

በጥር ተጋቡ። አያ ደምሴም ይኸው ስሙ ወጥቶ የጋይንት ሰው ሁሉ ለሽምግልና ይለምነው ጀመር። ሴት ልጅ ያላችሁ አባቶች፣ እግዜር ያጽናችሁ።