የጋሼ ታደሰ ልጆች በፐርል

እስቲ ስልክህን አስቀምጥና ስማኝ፤ የምነግርህ ነገር የጊዜህን ካሳ ይከፍላል። የሰው ልጅ ስንፍናው ሲጸናበት ፈላስፋ ይሆናል። እኔም የፐርል ሞጁል መጻፍ የጀመርኩት ከስንፍና ነው። ፐርል ምንድን ነው አልክ? በዕድሜ የሚበልጠኝ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ አንቱ ብንለው አይበዛበትም። ሞጁል ደግሞ እንደ ግቢ ቧንቧ ነው፤ አንዴ ትዘረጋዋለህ፣ ተከራዩ ሁሉ ከእሱ ይቀዳል። ውሃው ከደፈረሰስ? ቆይ፣ እዚያ እንደርሳለን።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ጋሼ ታደሰ ጌም ቤት፣ የጨዋታውን ሰርቨር የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ማን አስተማረህ ካልከኝ፣ ኢንተርኔትና ድፍረት። ተጫዋቾች ከየሰፈራቸው በስልክ እየገቡ በቡድን ይዋጋሉ፤ ስማቸው ከነአባታቸውና ከነሰፈራቸው ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል። ድሮ ለመመዝገቢያው፣ ለግድግዳው ስክሪንና በስልክ ለምንልከው ውጤት ያንኑ ኮድ እየገለበጥኩ እለጥፍ ነበር። አሁን ሁሉም ከአንድ ሞጁል ይቀዳሉ። ሥልጣኔ ማለት ይሄ አይደል?

ተጫዋቾቹን በቤተሰብ የሚመድበውን ክፍል አንድ ፈረንጅ ኢንተርኔት ላይ ከለቀቀው ትምህርት ወሰድኩት። ሁለተኛ ስማቸው አንድ የሆነ ሁሉ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ይላል። በአገሩ እውነቱን ነው። ሁለተኛ ስም የአባት የግል ስም መሆኑን ፊደል ሳልቆጥር የማውቀው ሰውዬ ግን ምን ነካኝ? በእንግሊዝኛ ከነገሩኝ አባቴንም እረሳለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት የጋሼ ባለቤት እትዬ አልማዝ ከቸርች እህቶች ጋር በበራችን ሲያልፉ፣ «ታደሰ ጌም ቤት» ከሚለው ታፔላ ሥር ስክሪኑ በደማቁ «የታደሰ ልጆች» ብሎ ይዘረዝራል፤ ሮቤል ከጦር ኃይሎች፣ ናቲ ከሳንሱሲ፣ ሚኪ ከአስኮ... ዝርዝሩ ቢወርድ ቢወርድ አያልቅም። ሁለት ሴት ልጆች ብቻ የወለዱት እትዬ አልማዝ ቆመው አነበቡና በሩ ላይ የነበሩትን ባላቸውን፣ «አንተ ሰውዬ፣ በየፌርማታው ነው እንዴ የወለድከው?» አሏቸው። አንዷ እህት «ጌታ ሆይ!» አለች፤ ዓይኗን ግን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ጋሼ በጣታቸው ወደ እኔ ቢጠቁሙ፣ «እሱም ያንተ ነው?» ተባሉ።

እኔም ስለ ሞጁል ላስረዳዎት ብዬ ጀመርኩ። «መጀመሪያ ስለ ልጆቹ አስረዳኝ!» ብለው አቋረጡኝ፤ ጋሼ ደግሞ ነገሩ እስኪጠራ ቤት ድርሽ እንዳይሉ ተነገራቸው። ሮጬ አንዲት መስመር አረምኩ፤ መመዝገቢያው፣ ስክሪኑ፣ የስልኩ መልእክት ሁሉ ባንዴ ተስተካከለ። ለሮቤልም ደውዬ አባቱን ከእትዬ ጋር በስልክ አገናኘሁ። በወዲያኛው ጫፍ ወፍራም ድምፅ «አቤት፣ ታደሰ ነኝ» ሲል፣ እትዬ አልማዝ ባላቸውን አይተው በሳቅ ፈረሱ። ጋሼ ተረፉ።

ተረፉ ወይ? እህቶቹ ለካ ነገሩ ሳይጠራ ሄደዋል! ወሬ ደግሞ ሞጁል የለውም፤ እያንዳንዱ ቤት የየራሱን ግልባጭ ወስዷል። ጋሼም «ያበላሸኸውን አርም» ብለው ቤት ለቤት ላኩኝ። የመጀመሪያዋ እህት ስለ ፐርል ያስረዳኋትን ሁሉ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝና፣ «ገባኝ የኔ ልጅ፤ ግን ሮቤልን አየሁት፣ ቁርጥ ታደሰን ነው» አለችኝ። ስክሪናችን ላይ እኮ ስም እንጂ ፎቶ የለም!

በል ተነስ፣ ዛሬውኑ አንድ ሞጁል ጻፍ፤ እውነቴን ነው፣ እንደሱ ሥራ የሚያቀል ነገር የለም። እኔ ገና የማስረዳቸው ቤቶች ይቀሩኛል።