የዳሞታ ወንዝ የባሕር ሊቅ

ወንጌላዊ ኤርካሎን ያስቸገራቸው ጉልበታቸው ነው። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ወንዝ ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው አማኙን አንድ በአንድ ሲያጠምቁ ይረፍዳል፤ ሲወጡ ሁለት ሰው ደግፏቸው ነው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይነካዎት ብሏቸዋል። እሑድ ግን የልጅ ልጃቸው ህብረት ትጠመቃለች፤ እሷን ለሌላ አጥማቂ መስጠት አልሆነላቸውም።

ይህን ችግር ልፍታ ብሎ የተነሣው ክቡር አቶ ኃይለየሱስ ነው። ያላየውን ነገር አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ከየትም ከተማ አይጠፋም፤ ለሶዶ የደረሳት እሱ ነው። ከሰሜን ተመድቦ የመጣ የአየር ጠባይ ለኪ ሲሆን ባሕር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሆኖም ጠዋት ጠዋት የሰልባጅ ነጋዴዋ የማርያምወርቅ ደጃፍ ቆሞ የዓለምን ባሕሮች ሙቀት ከስልኩ ያነብላታል። ኬፕታውን ዐሥራ ሦስት ዲግሪ፣ ጅቡቲ ሠላሳ። «ውሃ ሳይለካ አይገባበትም» ብሎ ይደመድማል፣ ልትገባ ያሰበች ይመስል።

«ጋሽዬ፣ ደንበኛ አበረድክብኝ» ትለዋለች። አይሰማም።

አንድ ቀን ከፈታችው ቦንዳ ውስጥ ሁለት ጥቁር የጎማ ልብሶች ዱብ አሉ። አንዱ ጎረቤት የሞተር ነጂ ልብስ ነው አለ፣ ሌላው የንብ አናቢ። ኃይለየሱስ እንባ ቀረሽ ሆነ። ዌትሱት ነው አለ፤ በጣውላ ማዕበል የሚጋልቡ ሰዎች የሚለብሱት፣ አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም። ከዚያ በትዕግሥት ማስረዳት ጀመረ። ልብሱ ውሃ አይከለክልም፤ ጥቂት ያስገባና ገላ ያንን ያሞቀዋል። ውፍረቱ በሚሊሜትር እጅጌው ላይ ተጽፏል፤ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ወፍራም ይመረጣል። ለወንጌላዊው ብሎ ወንዙን ለካው፤ ዐሥራ አምስት ዲግሪ ሆነ። ማዕበል ጋላቢ በዚህ ቅዝቃዜ ስስ ልብስ ይበቃዋል፤ ነገር ግን ጋላቢ ይንቀሳቀሳል፣ ወንጌላዊ ይቆማል። ስለዚህ ወፍራሙ።

ወፍራሙ ለቀጭኑ ሽማግሌ ሰፋ። የማርያምወርቅ የሙያዋን መከረች፤ «መስፋቱማ ጥሩ ነው፣ ከሥር ሹራብ ይለበሳል።» ልብስ ሲገዛ ሰፋ ያለ የማይመርጥ፣ ከሥር የማይደርብ ማን አለ? ሊቁም ተስማማ።

ሐሙስ ሙከራ ተደረገ። ጎንበስ ሲሉ ወንዙ በአንገታቸው ገባ፣ ሹራቡ ጠጣ ጠጣና ወንጌላዊው እንደ እንስራ ሞልተው መራመድ አቃታቸው። ባጃጅ ነጂዎች ተጠርተው በገመድ አወጧቸው። ሽማግሌው ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ፣ «ልጄ፣ ይሄ እንኳ ለማጥመቅ ሳይሆን ለማስመጥ ነው» አሉት።

በማግስቱ ሊቁ አንገቱን ደፍቶ መጣ። የዘለለው ዋናውን ነገር ነበር፤ ልብሱ እንደ ቆዳ ካልተጣበቀ የሞቀው ውሃ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይተካል፣ ውፍረቱ ከንቱ ነው። ስሱ ልክክ ይላቸው ነበር፤ ግን ቆሞ ለሚውል ሰው አይበቃም። የማርያምወርቅ ለምን እንደሆነ ራሷም ሳታውቀው መቀሷን አንሥታ ወፍራሙን ቆረጠችው። ከሱ ጥብቅ ያለ ሰደርያ ሰፍታ በስሱ ላይ ደረበችላቸው። እግራቸው አልገባ ሲል ኃይለየሱስ ፌስታል አጠለቀላቸውና ሸርተት ብሎ ገባ። ይህንንም ከስልኩ ነው ያገኘው።

ዛሬ እሑድ ነው። ወንጌላዊው ጎማውን በነጩ ቀሚሳቸው ሸፍነው ወንዙ መሐል ቆመዋል፤ ጠዋቱ ቢገፋም ጉልበታቸው ጸንቷል፤ ፈገግ እንዳሉ ናቸው። አጠገባቸው የቢሮ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ባዶ እግሩን፣ ሊቁ ገብቷል። ውሃው ድንገት ቢቀዘቅዝ ሊያስጠነቅቃቸው ነው። ለራሱ የሚለብሰው ነገር አላሰበም።

የማርያምወርቅ ከሱቋ ወፍራም ብርድ ልብስ ይዛ ዳር ቆማለች።

«ጋሽዬ፣ ውጣ፤ ከንፈርህ እኮ ጠቆረ» አለችው።

«ቆይ፣ ህብረት ትጠመቅ።»

ልጅቷ ወደ አያቷ እየገባች ነው። እሱ ቴርሞሜትሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እየተንቀጠቀጠ የሚያመልጠውን ቁጥር ለማንበብ ይታገላል።