ስምንት ነጭ ፈረስ

ያልተጠሩበት ሠርግ እንዴት ደስ እንደሚል ልንገራችሁ? የጥሪ ካርድ የለ፣ ስጦታ የለ፣ «ምን ልልበስ» ብሎ መጨነቅ የለ። ጫማን አውልቆ፣ እግርን አጣጥፎ የሙሽራዋን ቬሎ እንደ ልብ ማማት ነው። ሙሽራዋ የንጉሥ ምራት ስትሆንማ ሐሜቱ ራሱ ማዕረግ አለው። የጎረቤት ልጅ ቬሎ አላማረም ብትሉ ነውር ነው። የልዕልት ቬሎ አላማረም ብትሉ ግን አስተያየት ነው። ማን ይቀየማችኋል?

ነገሩ የሆነው በማንጎ ወቅት ነው። ማዶ አገር ያለ አንድ ንጉሥ ልጁን ሊድር ነው ተባለ። አገሩን አልጠራም፤ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። እኔ እዚህ አሶሳ አስተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ጓደኛዬ ጫልቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት። የባምባሲ ልጅ ናት፣ ጸሎቷን የማታስታጉል ጴንጤ፤ የቬሎ ነገር ከተነሣ ግን ጸሎቱንም ታሳጥረዋለች። ሁለታችን ተጠራርተን አሻ ቤት ሄድን። ለምን አሻ ቤት? ከሦስታችን ትልቁ ቴሌቪዥን የእሷ ስለሆነ ነዋ!

አሻ ገበያ ውስጥ ማንጎና ባሚያ ትነግዳለች። የበርታ ሰው ናት። አማርኛን የለመደችው እዚያው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንድና ሴት ለይታ አትደክምም፤ ሁሉም ሰው ለእሷ «እሱ» ነው፤ እኔም ሴቷ «አንተ» ነኝ። አንዴ ላርማት ሞከርኩ። «በል አንተ በእኔ ቋንቋ ተናገር» አለችኝ። የማውቃትን አንዲት ሰላምታ ብወረውር ሳቋ ሦስት ቀን አልቆመም። ከዚያ ወዲህ እርማት ትቻለሁ።

እንግዲህ ሠርጉ ለእኔና ለጫልቱ ጨዋታ ነው። ለአሻ ግን ፍርድ ቤት ነበር። ለምን በሉኝ። ልጇ ሳልማ በሳምንቱ ልታገባ ነው። በአሻ ወገን ልማድ ሙሽራ ከእናቷ ቤት የምትወጣው ባጌጠች አህያ ላይ ተቀምጣ ነው። አሻ እንዲያ ሆና ወጥታለች፤ እናቷም እንዲሁ። እንዲያውም የአሻ እናት ከመሞታቸው በፊት፣ ዓይናቸው እየደከመ፣ «ለሳልማ ሠርግ» ብለው የአህያዋን የጀርባ ልብስ በቀይና በቢጫ ዶቃ ጠልፈው ትተው ነው የሄዱት። አሻ ያንን ጨርቅ ከሣጥን አውጥታ ባሳየችን ቁጥር ድምፅዋ ይሰበራል። ከዚያ ቶሎ ብላ ባሚያ ተወደደ ትላለች።

ሳልማ ደግሞ የሞባይል ሱቅ ሠራተኛ ናት። «በአህያ ብወጣ ጓደኞቼ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ ይለቁኛል፣ እስከ ልጅ ልጄ ይሳቅብኛል» ባይ ናት። የምትፈልገው አበባ የተለጠፈበት ነጭ መኪና ነው፤ እጮኛዋም ተከራይቶላታል። እናትና ልጅ ወር ሙሉ ተኳረፉ። አሻ ማስገደድ አልፈለገችም፤ በግድ የተጫነች ሙሽራ ጭነት እንጂ ሙሽራ አይደለችም ትላለች። በመጨረሻ ሳልማ፣ «ልዕልቶች እንኳ በመኪና ነው የሚሄዱት!» ብላ ጮኸች። አሻም ትንሽ አሰበችና፣ «እሺ። እናያለን። ልዕልት ከቤተ ክርስቲያን በምን ወጣ? አንተም በዚያ ውጣ» አለቻት። እጅ ለእጅ ተማቱ። አያችሁ፣ እዚያ ማዶ አንዲት ልዕልት ፀጉሯን ስትሠራ፣ የአሶሳን አህያ ዕጣ በእጇ እንደያዘች አታውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ማንጎው ተቆርጦ በሣህን ቀረበ፣ ከርከዴው ቀዝቅዞ ቀረበ። ሳልማ ከቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር ይዛለች። አሻ ከጎኗ። ማንም ማንንም አያይም።

መጀመሪያ መለከት ነፊዎቹ ወጡ። ወርቅ የመሰለ ረጅም መለከት ወደ ሰማይ አቅንተው በአንድ ትንፋሽ ሲነፉት አሻ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «ዙምባራ! ማሻአላህ! እነሱም ዙምባራ አላቸው!» ዙምባራ የበርታ መለከት ነው፤ እሱ ያልተነፋበት ሠርግ ለእሷ ስብሰባ ነው። ወዲያው የንጉሡን ቤት ሰዎች ዘመድ አደረገቻቸው። አንዱን መለከት ነፊ ጉንጭህ አላበጠም ብላ ወቀሰችው።

ከዚያ ሙሽራዋ መጣች። በምን? በመኪና!

ሳልማ እልል አለች። እኔም ሳላስበው አብሬ እልል አልኩ፤ ሠርግ ነው፣ ምን ላድርግ? አሻን ቀና ብዬ ሳያት ግን እልልታዬን አቋረጥኩ። ማንጎውን ይዛ ሳትጎርሰው ቀርታለች። ጫልቱ እንኳ ገና የወረደችውን ሙሽራ ቀሚስ ጅራት አይታ «ያ ዋቅ! ይህ ጨርቅ ለባምባሲ ሙሽሮች በሙሉ ይበቃ ነበር» ብላ ስታበቃ፣ ዞር ብላ ነገሩ ገባትና ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰች።

አሻ ግን ነጋዴ ናት። ገበያ ላይ ተሸንፋ አታውቅም። «ቆይ» አለች። «መምጣት ሌላ ነው፣ መውጣት ሌላ ነው። እኔ ምን አልኩ? በምን ወጣ አልኩ። በምን መጣ አላልኩ።» ሳልማ ተቃወመች። ወደ ጫልቱ ይግባኝ ተባለ። ጫልቱ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ሙሽራ ሙሽራ የምትባለው ቃል ኪዳን ገብታ ስትወጣ ስለሆነ የሚቆጠረው መውጫው ነው ብላ ፈረደች። የሳልማን ቬሎ የምትሰፋው እሷ ስለሆነች ሳልማ ፍርዱን ተቀበለች። ልብስ ሰፊን ከሠርግ በፊት ማስቀየም ደግ አይደለም።

ጥበቃው ተጀመረ። ቄሱ ይሰብካሉ። ይሰብካሉ። አሻ «እሱ ቄስ ምሳ አይበላም?» አለች። መዘምራኑ ዘመሩ። ቀለበት ተደረገ። ንጉሡ በመሀረባቸው ዓይናቸውን ጠረግ ሲያደርጉ እኔና ጫልቱ ከእሳቸው ብሰን ተነፋረቅን። የማናውቃቸው ሰዎች ሠርግ ለምን እንደሚያስለቅስ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን ያስለቅሳል። ከዚያ ሁሉም ተነሡ። መለከቱ ተነፋ። ትልቁ በር ተከፈተ፣ የውጭው ብርሃን ገባ፣ ሙሽሮቹ ደፉ ላይ ደረሱ...

መብራት ጠፋ።

ታላቁ ግድብ በእኛው ክልል፣ ጉባ ላይ ተቀምጧል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ አይደለም? አራታችንም ጥቁሩን ቴሌቪዥን እያየን በአንድነት ጮኽን። ሳልማ ስልኳን ከፈተች፤ ክቧ ትሽከረከራለች፣ ትሽከረከራለች፣ ምንም አታመጣም። ጫልቱ ለወንድሟ ልደውል አለች። እኔ ለርእሰ መምህሩ ልደውል አልኩ፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም።

«ተዉ» አለች አሻ። «የሺ ደውሉ።»

የሺ የወሎ ሰው ናት። እዚህ ጎረቤታችን ነበረች፤ አሁን ፓዌ ልጇ ዘንድ ናት። ከአሻ ጋር በቀን ሁለቴ ካልተደዋወሉ ቀኑ አይመሽላቸውም። ጫልቱ ደወለችና ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«እንዴት ናችሁ የኔ ዓለሞች!» አለች የሺ።

ጫልቱ ሰላምታውን ቆርጣ፣ መብራት እንደጠፋብን፣ ልዕልቷ ከቤተ ክርስቲያን በምን እንደወጣች ቶሎ እንድትነግረን ለመነቻት። የሺ «በምን ወጣች?» ብላ ጥያቄውን መልሳ ጠየቀች። ያኔ አሻ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ቀስ ባለ ድምፅ፣ «የሺ፣ እኔ ነኝ። ፈረስ አለ?» አለቻት።

«ፈረስ?» አለች የሺ። ከዚያ ምን እንደነካት እንጃ፣ ኳስ እንደሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ፈነዳች። «አብሽሪ አሻዬ! ፈረስ አለ ወይ ትይኛለሽ? ስምንት! ስምንት ነጭ ፈረስ! ሠረገላው ወርቅ ነው! ውይ በሞቴ፣ ሙሽራዋ ወጣች፣ እጇን ታውለበልባለች! ራሳቸው ላይ ላባ ሰክተውላቸዋል፣ ለፈረሶቹ ነው የምላችሁ! አንደኛው እምቢ ብሎ ቆመ... አይ፣ ሄደ፣ ሄደ!»

አሻ እልልታዋን ለቀቀችው። ጫልቱ ተከተለች። እኔማ እልልታ ከተጀመረ ወገን አልለይም።

ሳልማ ብቻ አልተዋጠላትም። «ፈረስ ነው የተባለው። አህያ መቼ ተባለ?» አለች። ነገሩ እንደገና ወደ ዳኛዋ ሄደ። ጫልቱ አሰበች። «አራት እግር አለው። ጅራት አለው። ጆሮው አጠር ይላል እንጂ ዘመድ ዘመድ ነው» ብላ መዝገቡን ዘጋች። ሳልማ ኔትወርክ ልፈልግ ብላ ስልኳን ይዛ ግቢው ውስጥ ወዳለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወጣች። አሻ የእናቷን ጨርቅ ከሣጥን አውጥታ መስኮቱ ጋ ታራግፈው ጀመር። ሳልማ ቆየት ብላ ተመለሰች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም። «እሺ እማ፣ ተማተናል አይደል?» አለችና ከጨርቁ አንዱን ጫፍ ይዛ አብራ አራገፈች።

ሠርጉን ምን ብዬ ልንገራችሁ? አህያዋ መብሩካ ትባላለች። ታጥባ፣ በዶቃው ልብስ ተሸፍና፣ አንገቷ ላይ ቃጭል ተንጠልጥሎላት ስትወጣ ሰፈሩ በእልልታ ተናጋ። ዙምባራው ከፊት፤ የነፊዎቹ ጉንጭ በደንብ አብጧል። ያ አበባ የተለጠፈበት ነጭ መኪና ባዶውን ከኋላ በአህያ እርምጃ ይከተላል። አደባባዩ ላይ መብሩካ ቆመች። አልሄድም አለች። ባጃጆች ቆሙ፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ሚዜዎቹ ለመኑ። ሳልማ ጎንበስ ብላ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻትና አህያዋ ስትሄድ የሰማሁትን ጭብጨባ በንጉሡም ደጅ አልሰማሁም። እነዚያ የተፈሩት የሱቅ ጓደኞቿ ቪዲዮውን ለቀቁት። ሳቀ የተባለ ሰው አልሰማንም፤ መብሩካን ለሠርጌ አከራዩኝ ያለች ግን አለች። አሻ ቀኑን ሙሉ አለቀሰች፣ ጨፈረች፣ እንደገና አለቀሰች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ከወር በኋላ መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዷ ባልደረባዬ ያንን የንጉሥ ቤት ሠርግ በስልኳ ታያለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በሩ ተከፈተ፣ ሙሽሮቹ ወጡ፣ ደረጃውን ወረዱና... ጥቁር መኪና ውስጥ ገቡ። ደግሜ አየሁት። ፈረስ ቀርቶ ውሻ የለም።

ለየሺ ደወልኩ። ስምንቱ ፈረስ የታለ አልኳት። ሳቀች። «አንቺ፣ እዚህስ መብራት መች ነበረ? ሦስት ቀን ጨለማ ነበርን። አሻዬ እንደዚያ ባለ ድምፅ ፈረስ አለ ስትለኝ የለም ልበላት? ስምንት ግን በዛ እንዴ? አራት ብል ይበቃ ነበር።»

ሕሊናዬ አስጨነቀኝ። ልጅቷ ተታላ አህያ ላይ ወጥታለች፣ እኔም እልል ብዬበታለሁ። ሄጄ ለሳልማ ነገርኳት። ከሱቋ ባንኮኒ ጀርባ ሆና ሳቀችብኝ። «ቲቸር፣ እኔኮ ያን ዕለት ማንጎው ሥር ኔትወርክ መጣልኝ። መኪናውን አይቼዋለሁ። ልጮህ ዞር ስል በመስኮቱ እማን አየኋት። ጨርቁን እንደ ሕፃን አቅፋው ነበር። ከዚያ ወዲያ መኪናው አስጠላኝ። ለእማ እንዳትነግሪብኝ፤ የዋህ ናት፣ ስምንቱን ፈረስ ከልቧ ነው ያመነችው።»

ይህን ምሥጢር ተሸክሜ ገበያ ሄድኩ። አሻ ማንጎ ስትመርጥልኝ ፊቴን አየችና ምን ሆንክ አለችኝ። ምንም አልኩ። የሺ ደወለ እንዴ አለችኝ። ቀይ መሆን አልችልም እንጂ ያኔ ቀልቼ ነበር። አሻ ግራ ቀኙን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቲቸር፣ እኔ አውቃለሁ። የሺ ቤት መብራት የለም። ያን ቀን ጠዋት ደውሎ ነግሮኛል፣ ሦስት ቀን ጨለማ ነው ብሎኛል። ለዚያ ነው የሺ ደውሉ ያልኩ። መብራት ያለው ሰው ያየውን ይናገራል። የሺ ግን የእኔን ልብ ያውቃል።» አንድ ትልቅ ማንጎ መርቃ ዘንቢሌ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «ለሳልማ አትንገር፣ እሺ? እሱ ልጅ ነው። የተባለውን ሁሉ ያምናል።»