ቀን ያልተጻፈበት ፕላን

ሚስተር ዋረን ሂልትስን በደንብ አውቃቸዋለሁ ማለት አልችልም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ተጋራን እንጂ። የሳቸውን ዓይነት ሰው ግን የማያውቅ የለም። ሦስት ሰዎች አንድ ነገር ሊሠሩ በተሰበሰቡበት ሁሉ፣ ራሱ ምንም ሳይሠራ የሁሉንም ስህተት የሚነግር አራተኛ አይጠፋም።

በዳርትማውዝ ከተማ የመርከብ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር አራተኛው ሰው ክቡር ሚስተር ሂልትስ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጭነት መርከቦችን እያጀበች አትላንቲክን ትመላለስ የነበረች የአንዲት ትንሽ መርከብ ፕላን፣ በገዛ እጃቸው የነደፉትን፣ በብብታቸው ሸጉጠው ይመጣሉ። ሞዴል ሠርተው አያውቁም። የሰው ሞዴል ሲያዩ ግን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጎንበስ ይሉና፣

«የየትኛው ዓመት ናት?» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። እነዚያ አጃቢ መርከቦች ለጥገና በገቡ ቁጥር አንድ ነገር ይቀየርባቸው ነበር፤ ዓመቱን ያልወሰነ ሠሪ ኖራ የማታውቅ መርከብ ይሠራል። ጥርስ ሐኪሙ ኢርል በዚህ ጥያቄ ተማሮ ወደ ባቡር ሞዴል ዞረ። እዚያም ድረስ ተከትለውት «ይሄስ ፉርጎ?» ብለውታል ይባላል።

ሦስት የበረዶ ወራት የፈጀችብኝን የአጃቢ መርከብ ሞዴል ይዤ የመጣሁ ቀን ፕላናቸውን ከጎኗ ዘረጉ።

«ፊቷ አርባ ሦስት ገብቷል፤ ኋላዋ አርባ አንድ ላይ ቀርቷል» አሉ። «መሃል ያሉት መርከበኞች ገናን ስንቴ አከበሩ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንደኔ ያለ ዓይናፋር ሰው ሲቆጣ ደግሞ ልክ አያውቅም።

«እርስዎ እስቲ አንዲት ጀልባ ሠርተው ያሳዩን! ወረቀት መጠቅለል ማን ያቅተዋል?»

አሁን በሳቸው ተሳቀ። ፕላኑን ቀስ ብለው ጠቀለሉ፤ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ።

«አይ አንተ!» አለችኝ ሻይ የምትቀዳልን ሙሪየል። «ታላቅ ወንድማቸው ሮስ እኮ ፕላኗን ይዘው ከሚዞሩላት ከዚያችው መርከብ ጋር ሰጥሞ ነው የቀረው።»

ስድስት ቅዳሜ ሳይመጡ ቀሩ። የሚነዘንዘን ጠፋ፤ ስንፈልገው የኖርነው ሰላም መጣ፤ ጨዋታውም አብሮ ሄደ። በሰባተኛው በሞላሰስ የጣፈጠ ዳቦ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

ይቅርታዬን አላስጨረሱኝም።

«ኋላዋን አስተካከልከው?»

«አስተካከልኩ።»

«እሰይ።»

ፕላኑ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። እስከዚያ ቀን ድረስ የኔን ስህተት በሚያሳየው በኩል እንጂ ሙሉውን አይቼው አላውቅም። መርከበኞቹ ካልሲ የሚያሰጡበት ገመድ እንኳ አልቀረም። ወደ መርከቧ ፊት ካሉት ተንጠልጣይ መኝታዎች ባንደኛው ላይ በእርሳስ «ሮስ» ተብሎ ተጽፏል። በታችኛው ጥግ፣ ቀን የሚጻፍበት ሳጥን ብቻ ባዶ ነው። ተጽፎ ከመፋቁ ብዛት ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«ሚስተር ሂልትስ» አልኩ፤ ምነው አፌን በቆረጠው፤ «የርስዎስ የየትኛው ዓመት ናት?»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ሳጥኑን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ይሄ ዳቦ ቅቤ ይፈልጋል» አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።