ጋትዌችን ሲድሩት

ጁባ የምንኖር ሐበሾች አንድ መጥፎ አመል አለብን። አማርኛን ከእኛ በቀር የሚሰማው ሰው ያለ አይመስለንም። ባለሱቁን ፊት ለፊት እያየን ስለ አፍንጫው፣ ስለ ሆዱና ስለ ሚዛኑ እንደ ልባችን እናወራለን። ሰውየው ፈገግ ብሎ ይሰማናል። ዕቃችንን ጠቅልሎ ከሰጠን በኋላ፣ «እህቴ፣ ሚዛኑ እንኳ ትክክል ነው፤ ስለ ሆዴ ያልሽው ግን እውነትሽን ነው» ይለናል፤ ያውም እንደ መርካቶ ልጅ አሳምሮ። ጋምቤላ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ተምሮ የተመለሰ ስንት ደቡብ ሱዳናዊ እዚህ ከተማ እንዳለ እናውቃለን። እያወቅን በማግሥቱ ሄደን ሌላውን እናማለን።

እኔ ግን በዚህ አመሌ ባል ላገኝ ነበር።

አዎ፣ እኔ። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ግሏል። የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያነቡት «ያቺ አንገቷን ደፍታ መድኃኒት የምትሰጠው ልጅ?» ማለታቸው አይቀርም። እሷው ናት። ለዓመታት ለማንም ሳልናገር የያዝኩትን ባለፈው ቅዳሜ አፌ አምልጦኝ ተናግሬዋለሁና፣ ከእንግዲህ ለእናንተ ብደብቅ ምን ዋጋ አለው?

ጁባ ታውን ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ሰፈሩ «ዶክቶራ» ይለኛል። አንድ ቀን አንድ ወጣት ወታደር በራችንን ጎንበስ ብሎ ገባ። ጎንበስ ያለው ለአክብሮት አልነበረም፤ በሩ ስላልበቃው ነው። አብራኝ ለምትሠራው ለሕይወት በአማርኛ፣ «እግዚአብሔር ይህን ልጅ ሲሠራ ማቆም ረስቶ ነው እንዴ?» አልኳት።

«ሊያቆም ነበር» አለ ወታደሩ በጠራ አማርኛ፣ «እናቴ ትንሽ ጨምርበት ብላው ነው።»

የምገባበት ጠፋኝ። መደርደሪያው ሥር ገባሁ።

ጋትዌች ይባል ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጓደኞቹ የእግር ዱቄት ሊገዛ ይመላለስ ጀመር፤ የዚያ ካምፕ እግር በሙሉ የደረቀው በእኛ ዱቄት ይመስለኛል። ሲወጣ እንደ አዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። ሕይወት ትስቃለች፣ እኔ አቧራ እወለውላለሁ። ለሕይወት ነገሩ ቀልድ ብቻ ነበር። እሑድ እሑድ ከከተማው ወጣ ብለን እንደምንገናኝ አታውቅም። ላግባሽ እንዳለኝም አታውቅም።

እሺ ብዬዋለሁ። «ብቻ ወንድሜን ትንሽ ላዘጋጀው» አልኩት። ወንድሜ ቡሉክ ሰፈር ምግብ ቤት አለው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ከአገሬው ሰዎች ጋር ይነግዳል፣ ይቀልዳል፣ ሲታመሙ ይጠይቃል፣ ሲሞቱ ይቀብራል። እህት መስጠት ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይከብዳል። እኛ ሐበሾች ሰው እንወዳለን፤ መነጽር አውጥተን የምናየው ሰውየው ዘመድ ልሁናችሁ ሲለን ነው።

ወንድሜን ሳዘጋጅ ጋትዌች ወደ ግንባር ተላከ። አስከሬኑ አልመጣም። ወሬው ብቻ መጣ።

ለቅሶው ላይ እንደ አንድ የመድኃኒት ቤት ሰው ዳር ተቀምጬ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብዬ ተመለስኩ። እኔን የሚያጽናና አልነበረም፤ ማን ያውቅና! መጋዘን ገብቼ የግሉኮስ ካርቶን ተደግፌ አለቀስኩ። ሕይወት «አለርጂ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ያ አለርጂ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ታዲያ የጋትዌች እናት ማማ ኛማል ከቦዳ ቦዳ ሞተር ላይ ዘለው ወረዱ። ኢትዮጵያ ብዙ ዓመት ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም፤ የደም ግፊት መድኃኒታቸውንም የሚወስዱት ከእኛ ነው። የዚያን ቀን ግን መድኃኒቱን ረስተውታል።

«ዶክቶራ! እልል በዪ! ጋትዌችን ልድረው ነው!»

በእጄ የያዝኩት የሽሮፕ ጠርሙስ መሬት ወርዶ ተከሰከሰ።

«የትኛውን ጋትዌች?»

«ስንት ጋትዌች አለኝ? የኔን ነዋ! ካላስ፣ በቃ፣ ሚስት ተገኘችለት። ከሰዓት ጀበል ኩጁር ልጅቷ ቤት ነን፤ እንዳትቀሪ!» ቦዳ ቦዳው ጡሩንባውን ነፋ፣ ሄዱ።

አለ! ጋትዌች አለ! ተማርኮ ነበር፣ ጠፍቶ ነበር፣ ቆስሎ ነበር፤ ምን ቸገረኝ፣ ብቻ አለ! እግዚአብሔርን ማመስገን ጀመርኩ። ምስጋናው መሀል ላይ ስደርስ የቀረው ነገር ገባኝ። ሊያገባ ነው። ሌላ! ከሞት ተመልሶ «ወራጅ አለ» ሳይለኝ ሌላ ሊያገባ! በአንድ ትንፋሽ አምላኬን አመሰገንኩ፣ በዚያው ትንፋሽ ጋትዌችን ረገምኩት።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ፀጉር ቤት ሄድኩ። ከሞት የተመለሰን ሰው፣ ያውም የከዳን ሰው፣ በተንጨባረረ ፀጉር አይገናኙትም።

ጀበል ኩጁር እስክደርስ ቦዳ ቦዳው ላይ ሆኜ ንግግር አጠናሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ፊት «ይህ ሰው የእኔ ነበር» ሳልል አልመለስም። ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገርም። ሹፌሩ «ዶክቶራ፣ ከማን ጋር ነው የምትጣዪው?» እያለ በአረብኛ ይጠይቀኛል።

ግቢው ሞልቷል። ሽማግሌዎች ድንኳን ሥር ስለ ጥሎሽ ከብት ይከራከራሉ፣ ሴቶች ይዘፍናሉ። መሀላቸው ጀርባውን አየሁት። ያ ቁመት! ያ ትከሻ!

«ጋትዌች!» ብዬ ጮህኩ። በሕይወቴ ሰው መሀል ጮኼ አላውቅም።

ዘወር አለ። ታናሽ ወንድሙ ዱዎል ነው።

«ማላሽ፣ ዶክቶራ» አለኝ ይቅርታ ሲጠይቅ፣ የሆነው ገብቶት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እማማ በደንብ አልነገረችሽም። በኛ ወግ ወንድምህ ሳያገባ ከሞተ ስሙ እንዳይጠፋ ሚስት ታገባለታለህ። እኔ በሱ ቦታ ቆሜ ነው እንጂ ሚስቲቱ የሱ ናት። የሚወለዱትም የጋትዌች ልጆች ነው የሚባሉት።»

እናቱ ቃል አልሳቱም። በእሳቸው ወግ እውነቱን ነው የነገሩኝ፤ የተሳሳትኩት በአማርኛ ስለሰማሁት ነው። ጋትዌች እዚያው ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ሞተብኝ። የዚህኛውን እንባ ግን አለርጂ ነው ማለት አልቻልኩም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ።

«ልጄ፣ በሠርግ ይለቀሳል?» አሉኝ ማማ ኛማል ሮጠው መጥተው።

«ሊያገባኝ ነበር» አልኩ።

ያ ሁሉ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ሁለት ቃል ሆኖ ወጣ። ማማ ኛማል ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«አንቺ ነሽ? ፋርማሲ ፋርማሲ ሲል የከረመው! እኔ እኮ እግሩን ያመመው መስሎኝ!» እቅፍ አድርገው አለቀሱ። ወዲያው ደግሞ ተቆጡ። «ቀድመሽ ብትናገሪ ምን ነበር? እነዚህን ላሞች ላባትሽ እልክለት ነበር!»

አባቴ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ላሞቹ ተሰልፈው ደረጃውን ሲወጡ ታየኝና እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ።

እጄን ይዘው ልጅቷ ወዳለችበት ክፍል አስገቡኝና ለሴቶቹ በኑዌር ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። ሁሉም ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ። በሩ ላይ የቆመውን ዱዎልን ምን እንዳሉ ጠየቅኩት። «ትልቋ ሚስት መጣች ነው ያለችው» አለኝ። ሰው ፊት ማስቲካ ለማኘክ የማፍር ሴት፣ በአንድ ከሰዓት ትልቋ ሚስት ሆኜ አረፍኩት።

ልጅቷ አንገቷን በዶቃ አሳምራ ተቀምጣለች። ልጠላት ነበር የመጣሁት። አጠገቤ ጠጋ ብላ በጁባ አረብኛ፣ «ሁዎ ኬፍ?» አለችኝ። እሱ እንዴት ነበር? ዘሩንና ጀግንነቱን ሁሉም ነግሯታል። የምታገባው ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ግን የነገራት የለም።

«መርፌ ይፈራ ነበር» አልኳት በተሰባበረው አረብኛዬ። ወባ ይዞት የመጣ ቀን፣ መርፌው ገና በእጄ እያለ ዓይኑን ጨፍኖ «ወይኔ እማዬ!» እንዳለ ነገርኳት። ልጅቷ በሳቅ ወደቀች። ማማ ኛማል «ውሸት! የኔ ልጅ?» እያሉ እሳቸውም ይስቃሉ። ከሞተ ወዲህ በእሱ ሲሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ሌላስ? ሌላስ?» አለችኝ፤ እኔም ነገርኳት፣ ጨመርኩላት፣ ሴቶቹም ተጠግተው ሰሙ። አፌ ለካ ይህን ያህል ይከፈታል!

ሁሉንም ግን አልነገርኳትም። ትልቋ ሚስት ለራሷ የምታስቀረው አንዳንድ ነገር አይጠፋም።