ነርሷ የለሰለሰች ሰሞን

ደግ ነርስ ሕመምተኛ ትገድላለች። አትታዘበኝ አንባቢዬ፣ እኔም ይህን ያወቅሁት አመራር ከሠለጠንኩ በኋላ ነው።

መንዝ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የወንዶች ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። የምመራው በቁጣ ነው። "አባባ፣ ትራስ ሥር የደበቁትን ኪኒን ይዋጡ!" ይውጣሉ፣ ይድናሉ፣ ወደ ገብሳቸው ይመለሳሉ።

ዘመኑ ሁሉም ነገር "ለውጥ" የሚባልበት ነበርና ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ "መሪ አይቆጣም፤ ፈገግ ይላል፣ ያማክራል" አሉን። ሲያበቁም "ሆስፒታላችሁ መጥቼ አያለሁ፤ ያልተለወጠ ከኃላፊነቱ ይነሣል" አሉ። እኔ ደግሞ ኃላፊነቴን እወዳለሁ። መስታወት ፊት ፈገግታ ተለማመድኩ።

እንደተመለስኩ የሳንባ ምች ያስተኛቸው አባባ ደምሴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

"አባባ፣ ምን ይሰማዎታል? ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?"

የያዝኩትን እጃቸውንና ፈገግታዬን እያፈራረቁ አዩ።

"እንዲህ ሆነ?"

"ምኑ?"

"ግዴለም ልጄ። ዕድሜ ጠግቤአለሁ።"

ኪኒኑን ገፋ አደረጉት። ለሚሞት ሰው ምን ያደርጋል? ከሰዓት በኋላ የንስሐ አባታቸው መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ በጎቻቸውን የማውረስ ኑዛዜም ተጀመረ። እንዲያምኑኝ ብዬ ይበልጥ ለሰለስኩ። በለሰለስኩ ቁጥር ሴት ልጃቸው ታለቅሳለች።

በማግስቱ ትኩሳታቸው ጨመረ። አሁን እውነትም ሊሞቱብኝ ነው፤ ፈራሁ። ይባስ ብሎ አሠልጣኙ በስስ ኮት፣ በመንዝ ብርድ እየተንቀጠቀጡ ከተፍ አሉ። ራስጌ ቆመው ያዩኛል። ኃላፊነቴ ወይስ አባባ?

"አባባ!" አልኩ በድሮው ድምፄ። "ማን ይሙቱ አለዎት? ይዋጡ አሁን! አልጋው ለሌላ ሰው ይፈለጋል፣ ድነው ይውጡልኝ!"

ቀና ብለው ዋጡ። "ተመስገን" አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው። "ልድን ነው። ሙክቱን ለማንም እንዳትሰጪ።"

አሠልጣኙ ግን እዚያው ከኃላፊነት መነሣቴን ነገሩኝ። ብርዱ እሳቸውንም አልማረም፤ ሲነጋ ከአባባ ጎን ባለው አልጋ በትኩሳት ተኝተው አገኘኋቸው። የተማርኩትን አልረሳሁም። ጠርዙ ላይ ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

"ምን ይሰማዎታል? ምን እንዲደረግልዎ ይፈልጋሉ?"

አባባ ደምሴ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የአሠልጣኙ ፊት አመድ መሰለ።

"ሲስተር፣ እባክሽ... ተቆጪኝ።"

"የምቆጣው ኃላፊ ስሆን ነው" አልኳቸው፣ ፈገግ እያልኩ።