በስንት አለፈች?

እናንተዬ፣ እኛ ቆቦዎች ያለ ቁጥር ወሬ አይጥመንም ልበል? ልጅ ክፍል አለፈ ሲሉን «ስንተኛ ወጣ?» ነው። ዝናብ ጣለ ሲሉን እንኳ «ስንት ሰዓት ቆየ?» እንላለን። እኔ ደግሞ የባስኩ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ፤ ቀይ እስክሪብቶዬ ግን እስካሁን ከኪሴ አልወጣም።

የእህቴ የሉባባ አንድያ ልጅ ዘሃራ ሐኪም ናት። ልቧ ያለው ሰርጀሪ ላይ ነው። ለምን ብትሉ፣ ቁስለኛ ይዛ በአምቡላንስ ወደ ደሴ ስትሄድ፣ ሰውየው መንገድ ላይ እጇን እንደያዘ ሞተባት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አታወራም።

አምና አመለከተች። ያኔ ለስፔሻሊስት ትምህርት የሚመረጠው በሙያ ፈቃድ ፈተናው ነጥብ ነበር። ከላይ ወደ ታች ይደረደራል፣ ቦታው ሲሞላ በቃ። ዘሃራ በግማሽ ነጥብ ቀረች። ሉባባ እኔን ይዛ «ቆይ፣ ግማሽ ነጥብ ምን ታህላለች?» ትለኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት? ስንቱን ተማሪ በግማሽ ነጥብ የጣልኩ ሰውዬ!

ዘንድሮ ደግሞ ነጥብ ቀረ ተባለ። ወረቀቱ ላይ ያለው «አልፏል» ወይም «አላለፈም» ብቻ ነው። መራጮቹ ሁሉም «አልፏል» ሆኖ ሲመጣባቸው በምን ይለዩት? ቃለ መጠይቅ እናደርጋለን፣ እጃቸውን እንፈትናለን፣ የአለቆቻቸውን የድጋፍ ደብዳቤ እናያለን አሉ። እኔ በገንኩ። ነጥብ ክፉ ነው፣ ግን አጎት የለውም! ደብዳቤ ጸሐፊ አለው፣ ጸሐፊም ዘመድ አለው። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። የእኛ ልጅ ማን አላት? ያለኋት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የማውቀው ትልቅ ሰው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው፣ እሱም ተማሪዬ ስለነበር አይወደኝም።

ዘሃራ ሳቀችብኝ። «አጎቴ፣ አምና ነጥብ ነበረ፤ ምን ጠቀመኝ? ዘንድሮ ቢያንስ ፊቴን ያዩታል» ብላ ወደ ቃለ መጠይቁ ሄደች።

ውጤቱን የሰማች ዕለት ወደ ቆቦ ሚኒባስ ከመሳፈሯ በፊት አባቷ ጋ ደወለች። አባቷ አሕመድ ፍየል ሊሸጥ ዋጃ ገበያ ወርዷል። እሱ ደግሞ በደስታ ለሉባባ ደወለላት። ሰርጀሪ ብላት አይገባትም ብሎ «ዘሃራ ለኦፕራሲዮን አለፈች!» አላት። ኔትወርካችንን ታውቁታላችሁ። አንዲት «ለ» ዋጃ ላይ ቀረች። ቆቦ የደረሰው «ዘሃራ… ኦፕራሲዮን… አለፈች» የሚል ነው። ከዚያ ስልኩ ጥርቅም አለ። አማርኛችን ደግሞ ፈተና ያለፈውንም ነፍሱ ያለፈችውንም በአንድ ቃል ነው የሚሸኘው።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። ማን ይጨምር? ሉባባ ጮኸች፣ ሰፈሩ ጮኸ። እኔ ስደርስ ድንኳን ይተከላል፣ ሬሳው በምን መኪና ይምጣ ይባላል። አሕመድ ጋ ቢደወል አይገባም። የዘሃራም ዝግ ነው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ያቺ ልጅ እኮ ማባዛት የለመደችው ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ ነው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ባጃጅ ደጃፉ ላይ ቆመ። ዘሃራ ወረደች፤ ለካ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነው። ድንኳኑን ስታይ ሻንጣዋን ጥላ «ማነው የሞተው? እናቴ ናት?» ብላ ኡኡ አለች። እኛ እሷን አይተን እንጮሃለን፣ እሷ እኛን አይታ ትጮሃለች። ጎረቤታችን ሼህ እንድሪስ «አብሽሩ ጀመዓ! ወላሂ፣ ሟች ከአልቃሽ ጋር ሲያለቅስ ዛሬ አየሁ» አሉ።

ሉባባ ልጇን ከራስ እስከ እግሯ ዳበሰቻት። «አልሀምዱሊላህ» እያለች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ድንኳኑ አይፍረስ ተባለ። አሕመድ ምንም ሳያውቅ ያልተሸጠለትን ፍየል ይዞ ሲመጣ፣ ሰላምታ ሳይጨርስ ፍየሉን ተቀበሉት። ዘሃራ እናቷን እንዳቀፈች ታወራልናለች። መራጮቹ ክር ሰጥተው ቋጥሪ አሏት፣ ቋጠረች። ሰርጀሪ ለምን መረጥሽ አሏት፣ ያንን የአምቡላንሱን ሰውዬ ነገረቻቸው። ደብዳቤውን አለቃዋ ነው የጻፈላት፤ የማን ዘመድ ነሽ ያላት የለም። ይኸው እኔም ተሳሳትኩ።

ጠግበን ስንቀመጥ ግን አመሌ ተነሳብኝ። ነጥብ ባይኖር ደረጃ አይጠፋማ! «ለመሆኑ» አልኩ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «በስንት አለፈች?»

ሉባባ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ዞረችብኝ።

«ከአንድ አንድ! አንድ ነበረችኝ፣ አንድ አለችኝ። አንተ የሒሳብ አስተማሪ አይደለህ? እስቲ አርመው!»

አረምኩት። መቶ ከመቶ።